አራተኛው ምስክር

እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ፣ መሐል ሜዳ ፍርድ ቤት ደጅ፤
የሰው ጠብ ነው እንጀራዬ፣ እኔ ግን የሁሉም ወዳጅ።
ጣቴን ውርጭ ሲያደነዝዘው፣ ከጽሕፈት መኪናዬ ፊት፣
«ሀ» እየዘለለች ታስቸግራለች፤ አርጅታለች፣ ምን ላድርጋት።

በለጥሻቸው የመጣች ለት የጥቅምት ገበያ ነበር፣
ባናዋን ተከናንባ፣ የመሬት ደብተሯን ይዛ ከጉያዋ ሥር።
እኩያዬ ናት። «ጸሐፊው፣ ሐኪሙ ሆዴን አይቶ
ዝም አለ፤ ገባኝ» አለችኝ፣ ፊቷ ሳይለወጥ ከቶ።

«መሬቱ ሁለት ጥማድ ነው፣ የገብስ፤ ለደምሰው ይሁን።
ቤቱ ለሴቷ ልጄ፤ ያፈሳልና፣ ቆርቆሮውን ታስለውጥ አሁን።
ባናዬ ለምራቴ ነው፤ ትስቅብኝ ነበር በርሱ፤
ብርድ ምን እንደሆነ ታውቃለች፣ ዓመቶቿ ሲደርሱ።»

ከዚያ ዝም አለች። መምታቴን ትቼ ቀና ብዬ አየኋት።
«ሰባት በግ አለኝ» አለች፣ እንደ ማፈር ብሏት።
«ከነሱ በየዓመቱ፣ ጥር ሲጠባ፣ አንዱ ይሸጥ፤
የጤና መድን መዋጮ ለሸዋንግዛው ይሰጥ።»

«ሸዋንግዛው ማነው?» አልሁ፣ ጣቴ ፊደሉ ላይ ቀረ።
«ባሌ ነበረ። ፈታሁት። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ቂሜም ገና አልሻረ።
ግን ዐይኑን ሞራ ጋርዶት፣ መድኑን በወቅቱ ሳያድስ
ቀርቶ፣ ‹ደብተርህ ጊዜው አልፏል› ብለው ሰደዱት፤ በደመ ነፍስ
ድንጋይ እየዳበሰ ሲገባ አየሁት፣ ከማሳዬ ላይ ሆኜ።
ልጠራው አፌን ከፈትሁ፤ ዘጋሁት ደግሞ፣ ጨክኜ።
ይህን አትጻፈው።»
                 አልጻፍሁም። የጻፍሁት በጉን ብቻ።
ሕጉ ብዙ አንቀጽ አለው፤ ለጸጸት ግን የለው መክተቻ።

አራት ምስክር ይላል፣ ባንድ ላይ ተቀምጠው፣
ሲነበብ ሰምተው የሚፈርሙ፣ ጆሯቸውን ሰጥተው።
መሪጌታ ኅሩይ ነበሩ፣ ድምበሩና ተዋበች አሉ፤
አራተኛው ልሣነወርቅ፣ አህያው ገመዱን ፈትቶ «ያዙት!» ሲሉ
ወጣ። እኔም አነበብሁ። ባለጉዳይ ተሰልፏል፤ ተጣድፌ።
ሲመለስ ፈረመ። አየሁት። ዝም አልሁ። ይኸው ነው ግፌ።

በታኅሣሥ ሞተች። ካርባዋ ማግስት ደምሰው
ከደብረ ብርሃን ጠበቃ ይዞ መጣ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው።
«ሲነበብ ማን ማን ነበረ?» አለ፣ እየጠየቀ አንድ በአንድ።
ልሣነወርቅ ምሎ ነበር፤ አልዋሸም፤ «እኔ አህያዬን ሳባርር ነበርሁ፣ ከመንገድ።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋም ከንፈሯን ነክሳ ቀረች።
ኑዛዜው ፈረሰ። ስድስቱ በግ ለሁለት ተከፈለ፤ ሰባተኛዋ
ለእርቁ ታርዳ ተበላች።

የወራሽነቱን ማመልከቻ እኔው ጻፍሁ፤ በሦስት ኮፒ፤ ሒሳቤን ተቀበልሁ።
ያችን ብር ለብቻ አጥፌ፣ በየገበያው ትንሽ ትንሽ እያከልሁ፣

ጥር ዞሮ ሲመጣ፣ ቀበሌ ሄድሁ። ወረፋው ረጅም፣ ብርዱ ክፉ።
«ከፍለንም መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ ይሉናል» ይላል ሰዉ፣ እያማረረ ባፉ፤
እጁ ግን ብሩን ይቆጥራል።
«ለማን ነው?» «ለሸዋንግዛው።» «ምንዎት ናቸው?»
ስንቱን ቅጽ የሞላ እጄ፣ ያቺን አንዲት መስመር አቃተው።

«የከፋይ ስም?» አለች ልጅቱ፣ እስክሪብቶዋን አንስታ።
በለጥሻቸው አልኋት። ጻፈች። ማኅተም መታች፣ ሳትቆይ ላፍታ።

ደብተሩን ወሰድሁለት። በጣቱ ዳበሰው፤ ማኅተሙ ጋ ቆመ።
«ማን ከፈለ?» ነገርሁት። የፈረሰውን ወረቀትም፣ በጉንም።
«ቂመኛ ነበረች» አለ። ቃሉን እንደ ቆሎ አጣጣመ።

ለከርሞ መዋጮው ይጨምራል ይላሉ።
እኔም ዛሬ፣ አራቱም ቁጭ ካላሉ፣
አህዮቻቸውም ካልታሰሩ፣
አንድ ፊደል አልመታም፣ ቢለምኑኝ፣ ቢምሉ።