አርባ እርምጃ

ስቫርተይ ላይ ዛፍ የለም፣ ነፋሱ አይፈቅድም፤
ዘጠኝ ሰዎች ነን በቁጥር፣ አሥረኛ አይወለድም።
በጎቻችን ብዙ ናቸው፣ ወፎቻችን እልፍ፣
ጀልባዋ በሳምንት አንዴ፣ ማዕበሉ ሲያልፍ።
እኔ ሶልሩን እባላለሁ፣ ፖስታ አመላላሽ፤
ከባለቱ እስከ በራፍ የሰው ቃል አድራሽ።

ሽማግሌው ዮአኔስ ሞቶ፣ ገና ሳይደርቅ አፈሩ፣
ሃኑስና ማርዩን በደጁ ድንበር መቁጠር ጀመሩ።
"የኔ ነው" አለ ሃኑስ፣ "ጎኑን ያገላበጥኩ፣
በማንኪያ ያጎረስኩት፣ ሌሊት ትንፋሹን የቆጠርኩ።"
"የኔም ነው" አለች ማርዩን፣ "ልጁ አይደለሁም እኔ?
ቀሚሴ ነው እንዴ የአጥንቴ ወሰኔ?
ቆርቆሮው በምን ተገዛ? ከተማ ዓሣ ስዘለዝል፣
በረዶ ጣቴን ሲበላው፣ እሱ እሳት ዳር ሲውል!"

የተጣሉበትን ልንገርህ፤ ብትስቅም አልቀየም፦
አሥራ አንድ በግ፣ አንድ ቤት፣ የጀልባ ሲሶ መብት፣
ከገደሉ አንድ እርከን፣ ወፍ የሚጠመድበት፣
ከበሩ ኋላ ደግሞ የተሰቀለው ገመድ፣
ሦስት ትውልድ ያወረደ፣ ከዘመድ የሚበልጥ ዘመድ።

ቤት ለቤት ይተያያሉ፤ አርባ እርምጃ ነው መኻሉ፤
ያንዱ ሳል ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ እኩል ያነጋሉ።
ሆኖም ሃኑስ ለእኅቱ ሲጽፍ በዋና ከተማ አዞረ፤
ደብዳቤው ባሕር ተሻግሮ ቶርስሃቭን አደረ፣
ከጠበቃ ጠረጴዛ ከርሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣
በሦስት ሳምንቱ ደረሰ ካርባ እርምጃ ጎረቤት።
እኔ ነኝ የተሸከምኩት፤
ጨው የላሰውን ፖስታ ከጉያዬ አውጥቼ፣
የላኪውን መስኮት አልፌ፣ ለተቀባይዋ ሰጥቼ።
"በመስኮት ብትጮህ ይሰማል" አልኩት አንድ ቀን ተቆጥቼ።
ሃኑስ ቴምብሩን ላሰና ሌላ ደብዳቤ አቀበለኝ።

ዳኛው መጣ በሰኔ፣ ባሕሩ ሆዱን ገልብጦት፣
ፊቱ አመድ መስሎ፣ ክብሩ ከኮፍያው ጋር አምልጦት።
ወደብ የለን፤ እንግዳ ባለት ላይ ነው የሚሳበው፣
አንድ ክንድ ከጎደለ ማዕበል ነው የሚቀልበው።
ሌላ ረጅም ገመድ ስለሌለ የክርክሩን ጣልንለት።
ወንድምና እኅት እንደ ጥማድ ሳቡት፣ ትንፋሻቸው ተቀላቅሎ፣
ዓይናቸው ግን አንዱ ሰሜን፣ አንዱ ደቡብ ውሎ።

ፈረደ፦ በጉ እኩል፣ ቤቱ በግድግዳ ይከፈል፣
አሥራ አንደኛዋ ትሸጥ፣ ዋጋዋም ይታደል።
"ገመዱስ?" አለ ጸሐፊው። "ስንት ነው?" "ስድሳ ክንድ።"
"እንግዲያው ይቆረጥ፤ ሠላሳ ላንድ፣ ሠላሳ ላንድ።"
ቢላዋ ወጣ። መቼም "ተዉ" የምትል እናት ናት፤
እናት የለችም።
ተቆረጠ።

እርከኑ ያለው በሃምሳ ክንድ ነው።

ያን በጋ ወፎቹ ጠገቡ፣ ጫጩት ገደሉን ሞላው፤
ገመዱ ካንዱ በር ኋላ ግማሹ፣ ግማሹ ከሌላው።

በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣
ሃኑስን አየሁት ታጥቆ ከገደሉ ጫፍ።
ማርዩን ከላይ ተቀምጣ፣ ተረከዟ ድንጋይ ነክሶ፣
ገመዱ ከችካል ዞሮ፣ በቋጠሮ ተመልሶ።
ቋጠሮ ደግሞ ግትር ነው፤ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይነክሳል፤
በእጅ ካላነሱት አያልፍም፣ ድንጋዩ ይበጥሳል።
ሲወርድ ማርዩን አነሳችው በመዳፏ፣ ቀስ አድርጋ፣
ሲወጣም እንዲያው፣ ዝም ብላ፣ አንዲት ቃል ሳታወጋ።
ሠላሳ ወፍ ተካፈሉ፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት፤
ከዚያ በየበራቸው ገቡ፣ ያው አርባ እርምጃ ርቀት።

በወሩ ደብዳቤ መጣ፣ በከተማ ዞሮ፦
"ከማን ድርሻ ይታሰብ ሁለት ክንድ የበላው ቋጠሮ?"
ማርዩን ቆማ አነበበችው። ከንፈሯ ዳር ምን እንደነበረ
ፖስተኛ ነኝ፣ አልመሰክርም።
"መልስ አለው፣ ጠብቂኝ" አለች፤
ቴምብር ፍለጋ ገባች።