ኩላሊትን አይጨምርም

በጥቅምት መጨረሻ ወረቀቱ መጣ፣
የሻርጃ ሙቀት ገና ከግድግዳው ሳይወጣ።
መነጽሯን ፈለገች ማዳም ኢንቲሳር
ከሶፋው ሥር፣ ከጋዜጣው ሥር፤
ግንባሯ ላይ ነበር።
«አንቺው እይው» አለች። ፊደሉ የሷ ነው፣ አላውቀውም እኔ፤
ቁጥር ግን የጋራ ነው፤ ቁጥር አያመልጥም ከዓይኔ።

ካቻምና ስድስት መቶ፣ አምና ዘጠኝ መቶ፤
ዘንድሮ ሁለት ሺህ ይላል፣ በቀይ ቀለም ጎልቶ።
ለሚሽሚሽ ነው ይኼ፣ ለዚች ኮክ መሳይ ድመት፣
አሥራ ሦስት ለሞላት፣ በድመት ቁጥር አሮጊት።

ከግርጌው፣ ጉንዳን በሚያህል ጽሑፍ፣ ሌላም ነበር፤
ማዳም አነበበች፣ ዝግ ብላ፣ በመስመር፦
ጥርስን አይጨምርም።
ስኳርን አይጨምርም።
ኩላሊትን አይጨምርም።

እኔ እስከማውቀው ልብና ኩላሊት የሚመረምረው
ላይ ያለው ብቻ ነው።
ለካ ኩባንያውም መርምሮ ጨርሷል፤
ያላመማትን ይዞ፣ የሚያማትን ትቷል።

እኛ አገር ድመትን ዘጠኝ ነፍስ አላት እንላለን፤
ማዳም «ሰባት ነው» ትላለች፤ በዚህ ተከራክረን
አንድ ሙሉ ምሽት አልፏል፣ ሻያችንን አቀዝቅዘን።
ኩባንያው ግን ቆጥሮ አንዲቷን አገኘ፣
እሷንም፣ ባረጀች ቁጥር፣ በውድ ተመነ።

ልጅ ሳለች ምን ነበር? መጋረጃ ላይ ስትንጠላጠል፣
ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ርግብ ስታባርር፣ ስትዘል፣
ለመውደቅ፣ ለመሰበር አንድ ሐሙስ ሲቀራት፣
ያኔ በርካሽ ነበር «አይዞሽ» የሚሏት።
አሁን ከምንጣፉ ሳትነሣ ስትውል
«አስጊ ናት» ተባለች። ይኼን ማን ያስተውል?

በዚያው ሳምንት ደግሞ ሌላ ወረቀት ነበር፣
ማዳም ከመሳቢያው፣ ከመርፌው ሣጥን ሥር
የሸሸገችው። የራሷ። ስልሳ ስምንት ዓመት፣
ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት፣
ባሏን እዚሁ ቀብራ፣ ልጇን ካናዳ ልካ፤
የሷም ጨምሯል፤ አላሳየችኝም፤
አየሁት ሳጸዳ፣ ክዳኑን ሳነካካ።

እኔስ? አርባ አራት ሞላኝ። የኔን ካርድ የምትከፍል
እሷው ናት፤ በየጊዜው ደሜ ይቀዳል፣ ሳንባዬ ይነሣል፣
«ደህና ናት» እስኪሉኝ ሆዴ ይንቦጫቦጫል።
ሦስት ሴቶች፣ አንድ ቤት፤
ዋጋ ሲጨምርብን ዋጋችን ይቀንሳል።

«በኛ አገር» አልኳት፣ «እድር የሚሉት አለ፤
ጎረምሳም ይሁን አዛውንት መዋጮው እኩል ነው፣
ማንም አልከበደ፣ ማንም አልቀለለ።»
«ሲታመሙ ይሰጣል?»
«አይ፣ ሲሞቱ ነው እንጂ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ንፍሮ…»
ማዳም ኢንቲሳር ሳቀች፣ ድምፅዋ በሳል ተሰባብሮ፦
«እነሱ እስኪያመኝ ድረስ፣ እናንተ ከሞትሁ ወዲያ!
መሐሉን ማን ይሙላው?» ተነሣች፤
ከጓዳ አመጣች ቆርቆሮ፣ የዱቄት ወተት ማኖሪያ።
አስተማሪ አይደለች? ደንቡን ጻፈች በአንድ መስመር፦
በወር ሠላሳ ከኔ፣ ሠላሳ ከሷ፣ ከሚሽሚሽ አንድ እፍኝ ጸጉር።

ለኩባንያው መልስ አልሄደም። ቀኑ ዝም ብሎ አለፈ።

ይኸው ግንቦት ገባ። ቆርቆሮው ውስጥ አራት መቶ ሃያ አለ፤
ጥርሷን ለመንቀል ስድስት መቶ ነው፣ ሐኪሙ ትናንት እንዳለ።
ገና ነን።

ድሮ የማቀዝቀዣው ጫፍ አንድ ዝላይዋ ነበር፤
አሁን ከሥሩ ቁጭ ትላለች፣ ዓይኗን ከእጄ ሳትነቅል፣ ሳታማርር።
አነሣታለሁ። ካምናው ትቀላለች።
ማዳምም፣ ሊፍቱ በተበላሸ ዕለት፣
ክንዷን ወደ ጎን ትሰጠኛለች፤ እይዛለሁ፤ አንለዋወጥም ቃላት።
ሃምሳ አራት ደረጃ ነው፤ ስንወጣ እንቆጥራለን፣
እሷ በዐረብኛ፣ እኔ በአማርኛ፤ አርባው ላይ ቆም ብለን
እንተነፍሳለን።
ከላይ፣ ከበሩ ኋላ፣ ሚሽሚሽ ስትጮኽ እንሰማለን።