ተለዋጭ ቀጠሮ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አራዳ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
በጽሕፈት መኪናዬ የሰው በደል ስዘረዝር፣
ድንበር የገፋ፣ ደሞዝ የበላ፣ ቀለብ የከለከለ፣
በአሥሩ ጣቶቼ ያልተከሰሰ ማን አለ?

ችሎት በተከፈተ ማግስት፣ «አመልካች» ብዬ ጽፌ፣
«ተጠሪ» ላይ ስደርስ ከዳኝ የቀኝ ክንፌ።
ብሥራቱን ልጠራው ስል፣ ወጣ እንደ ጎማ ትንፋሽ፣
ከስሙ አራት ፊደል የደረሰው የአንዱ ግማሽ።
ባለጉዳይዋ ሴትዮ፣ ወረቀቷን እንደያዘች፣
«ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጎዳናው መሀል ጮኸች።

ነቃሁ፤ ጥቁር አንበሳ። ከጎኔ ሰው የተኛ መሰለኝ፣
ገፋሁት፤ የራሴ ክንድ ነው፤ ተመልሶ ወደቀብኝ።
እታፈራሁ ሾርባ በማንኪያ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ፤
ግማሹን ዋጥኩት፤ ግማሹን ሸሚዜ በላ።
«ትድናለህ» አላለችኝም፤ ውሸት አትችልበትም።
«ነገም ሾርባ ነው» አለች።
ከዚህ የሚበልጥ ተስፋ ያን ሰሞን አልሰማሁም።

ሌሊት፣ ክፍሉ ሲያንኮራፋ፣ በሆዴ አቤቱታ አረቀቅሁ፦

አመልካች፦ ግራ እጅ።
ተጠሪ፦ ቀኝ እጅ።
አድራሻ፦ የሁለቱም፣ ከአንድ አንገት በታች።
የክሱ ምክንያት፦ ተጠሪ ስድሳ ሦስት ዓመት አብሮ በልቶ፣ አብሮ ታጥቦ፣
ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ስለ መልቀቁ።
የተጠየቀው ዳኝነት፦ ይመለስ።
ሙሉ ባይሆን፣ አንድ ጣት በመያዣነት ይላክ።
ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ።

ዳኛዬ ፎዚያ ናት፤ የጋዋኗ ኪስ የልብስ መቆንጠጫ ሞልቶ፣
«አንዷን ይክፈቷት» ትለኛለች። ላቤ በግንባሬ ፈልቶ
ሩብ ሰዓት ስታገላት፣ መቆንጠጫዋ አፏን ዘግታ፣
እኔም የእኔን።
ፎዚያ ካርዴ ላይ ትጽፋለች፦ ለሐሙስ።

ስንቱን ባለጉዳይ በዚህች ቃል አሰናብቼዋለሁ!
«ተቀጥሯል፣ ሂድ» ስለው ፊቱ ሲጠቁር እያየሁ።
ለካ ቀጠሮ ማለት
መዝገቡ አልተዘጋም ማለት ነው።

ቸርችል ዳገት ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ አላውቅም ነበር።
በኅዳር፣ ከሆስፒታሉ በር እስከ አንደኛው የመብራት ፖል።
በታኅሣሥ፣ ሁለተኛው ፖል።
በጥር፣ ያው ሁለተኛው ፖል።
በየካቲት ወደቅሁ።
ሊስትሮው ናሁሰናይ አንስቶ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠኝ፣
ሳልጠይቀው ጫማዬን ይቦርሽ ጀመር።
«አባባ፣ የቀኙ አፍንጫ ተልጧል፤ እየጎተቱት ነው» አለኝ፣
እንደ ሐኪም፣ ቀና ሳይል።

ሚስቴን ስድስት ወር ሙሉ የጠራኋት «እት» ብዬ ነው፤
የቀረው ስሟ ጉሮሮዬ ውስጥ እንደ አጥንት የተሰካ ነው።
በመጋቢት አንድ ማታ፣ ድስት እያጠበች ሳለ፣
«አፈራሁ» የሚለው ክፋይ ሳልጠራው ተከተለ።
«ምን ፈለግክ?» አለች ሳትዞር።
ምንም አልፈለግሁም።
ውሃው ብቻ ድንገት ቆመ፤ እጇ ቧንቧው ላይ ቀረ።

መቆንጠጫዋም ተከፈተች፣ በዝንብ ክንፍ ስፋት ያህል።
ፎዚያ አላጨበጨበችም።
«ይድገሙት» አለች።
በሚያዝያ ናሁሰናይ የቀኙን ጫማ አገላብጦ
«ይኼ ወር ቀለም ተርፎኛል» አለ፣ በነጋዴ ቅሬታ።

ግንቦት። ማዘጋጃውን በስተቀኝ አልፌ፣ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ፣
ደረስኩ። ብሥራቱ ወንበሬን በሰንሰለት አስሮ አቆይቶታል።
አሁን በግራ፣ በአንድ ጣት እመታለሁ፤
ዶሮ እንኳ ከእኔ ይፈጥናል ጥሬ ሲለቅም።
ቀኙ ወረቀት ይጫናል፤
ድንጋይም ይህን ይችላል፣ ግን ድንጋይ አይሞቅም።

«ያቺ ሴትዮስ?» አልኩት፣ ሁለቱን ቃል በሁለት ትንፋሽ።
«ጉዳይዋ ገና ነው፤ ለሰኔ አሥራ አራት ተቀጥሯል።»

ካርዴን ከኪሴ አወጣሁ፤
የእኔ ለአሥራ ሁለት ነው።