መልስ

ዝናቡ ከባሕር ወጥቶ የስዋንሲን መስኮት ያጥባል፣
ከውስጥ ደግሞ የዓሣው ዘይት ይንጫጫል፣ ይንተከተካል፤
ስልኬን የሆምጣጤው ጠርሙስ ላይ አስደግፌ አቆምኩት፣
በትዕዛዝና በትዕዛዝ መሃል የልምምዱን ፈተና አነበብኩት፦

«ሰዓቱ ለአሥራ አንድ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል፤
አለቃሽ የደንበኛው ውል አሁኑኑ ይላክ ብለዋል፤
ቁጥሩ ላይ ስሕተት አየሽ። የጻፉት እሳቸው ናቸው።
አራቱን ምርጫ ከምርጡ እስከ መጥፎው ደርድሪያቸው።»

ሀ፣ ዝም ብሎ መላክ። ለ፣ በስውር አርሞ መላክ።
ሐ፣ እሳቸውን መጠየቅ። መ፣ ከበላያቸው ላለው መላክ።

ሳምንት ሙሉ ለ አልኩ። ሳምንት ሙሉ ወደቅሁ።
የካርዲፉ የሕግ ቢሮ ለን ለምን እንደሚጠላት አላወቅሁ፤
እናቴ ያሳደገችኝ «የፈሰሰ ካየሽ ጥረጊ፣
ላፈሰሰው ሰው ብለሽ ባለቤት አትፈልጊ» ብላ ነው።
ማብራሪያው ግን በትሕትና «ብቻሽን አትወስኚ» ይላል፣
«አስቀድመሽ አማክሪ፤ ቢሮ በምክር ይሠራል።»

ይሁን አልኩ። ደብተር ገዛሁ። ሐን ሐ እያልኩ ሸመደድኩ፣
ጣቴ ወደ ለ ሲሄድብኝ በሌላው እጄ መታሁ።

ሚስተር ፕሮበርት ገባ ያን ጊዜ፣ ኮፍያው ውሃ ያዘለ፣
«እንደ ሁልጊዜው፤ አተሩ በዛ ይበል» እያለ፤
ሃያ ፓውንድ ዘረጋ፤ ኢድዋል፣ አለቃዬ፣ ተቀበለው፣
የአሥር መልስ ቆጥሮ እርጥቡ መዳፍ ላይ አኖረው።
መነጽሩ በእንፋሎት ታውሯል፤ ስሕተት ይሁን ስስት
እሱና መሳቢያው ያውቃሉ። እኔ ያየሁት የሃያ ኖት።

ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። አራቱም ተሰለፉ ፊቴ፣
ሐ ትቅደም ብዬ ዞርኩ ወደ ኢድዋል፣ እንደ ትምህርቴ፤
ሽማግሌው ግን በሩን ከፍቷል፣ ዝናቡ ይጠብቀዋል፣
እስካማክር ድረስ አውቶቡሱ ይዞት ይሄዳል።

ምላሴ ቀደመኝ፤ ደብተሬን አላማከረም፦
«ሚስተር ፕሮበርት፣ መልሱ ጎድሏል!»
ማንም አልተነፈሰም።

ዘይቱ ብቻ። ኢድዋል መነጽሩን በሽርጡ ጠረገ፣
አሥር ፓውንድ አወጣ፤ አየኝ፤ ፊቱን ወደ ዘይቱ አደረገ።
«ሰኞ ትመጪያለሽ?» አለኝ ቆይቶ። «እመጣለሁ» አልኩት።
ጥያቄ ይሁን ማስጠንቀቂያ እስካሁን አልለየሁት።

ሌሊት አልጋዬ ላይ ያው ጥያቄ፣ ያው አራት ፊደል።
ሐን ነካሁ። አረንጓዴ በራ። «ትክክል።»
ጸጉሬ ገና ዓሣ ይሸታል። ከመ በታች፣ ደብተሬ ላይ፣
ሠ ብዬ በእርሳስ ጻፍኩባት፤
የመጨረሻው አውቶቡስ ሲያልፍ ሰማሁ፤
ፊት ለፊቷን ባዶ ተውኩላት።