ዐሥራ አንድ መስመር

ከሌሊቱ ስምንት፣ መብራት ሄዶ መጥቶ፣
የጣና ጉማሬ ከደንገሉ ወጥቶ
ያጉረመርማል ሩቅ። እኔ ኮድ አነባለሁ፤
የጻፈውን ባላውቅም፣ ስንፍናውን አውቃለሁ።

አንድ ጉሮሮ አገኘሁ፣ ወሰኑ ያልታጠረ፣
የመጣውን ሁሉ ሳይለካ እየዋጠ የኖረ።
ስንት ባንክ፣ ስንት ሐኪም ቤት በዚሁ ኮድ ያድራል፤
ጀማሪው ግን ሰልችቶት ድሮ ተሰናብቷል።

ዐሥራ አንድ መስመር ጻፍሁ።
ለወሰደው ሁሉ ይሁን ብዬ ላክሁ።
«ተቀብያለሁ» አለኝ፣ አገሩን የማላውቀው ሰው፤
ፊቱ የድመት ፎቶ ነው፣ ስሙም ግማሹ ቁጥር ነው።

ጠዋት ቢሮ ስገባ፣ ወይዘሮ እንጉዳይ ከሒሳብ ክፍሉ፣
«ደሞ የይለፍ ቃል ቀይሩ ልትዪን ነው?» ይላሉ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደመወዝ የበላሁት
ላልሆነ ነገር ነው፤ ሳይደርስ ላስቀረሁት፤
ያልተወሰደ ብር፣ ያልጠፋ መዝገብ፣ ያልገባ ሌባ፣
ለእናቴ ይህ ነገር በየት በኩል ይግባ?

ማታ በሐይቁ ዳር እንድሪስ ተቀምጧል፣
የላላ ታንኳ ያስራል፤ የራሱን ግን ትናንት ሸጧል።
«ታዲያ ማነው ባለቤቱ?» ስለው ትከሻውን ሰበቀ፣
ደንገሉን በጉልበቱ ተጭኖ፣ አንድ ዙር ጨምሮ አጠበቀ።