ከጭነቱ ሥር

ቱሉ ዲምቱን አልፎ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ጤና ጣቢያው ጓዳ፣ ከክትባት ፍሪጁ ጎን
አንድ ሰርቨር አለ፣ ሽፋኑ የነቃ።
አምሳለ ናት ያቆመችው፤
ስትቀየር ለእኔ የይለፍ ቃሉን ብቻ
በመድኃኒት ካርቶን ክዳን ጽፋ ተወችው።

ዛሬ ተረኛ ነኝ። ማሽኑ «ሞልቻለሁ» አለ።
በምን ሞላህ? ብዬ ማህደሩን ሁሉ
ደመርኩ፣ ደመርኩ፣ ግማሹ ጎደለ።

«የተጫነብህን አሳየኝ» ብለው
እንደ ታክሲ ረዳት በአንድ ትንፋሽ ጠርቶ
የማላውቀውን ሰፈር ደረደረው፦
ፕሮክ፣ ሲስ፣ ራን፣ ዴቭ፣
ሉፕ ዜሮ፣ ሉፕ አንድ፣ እስከ ሉፕ ሰባት።
አንዱንም አልተከልኩ፤ በርክክብ ደብተር ላይ አንዱም የለበት።
ሌባ የገባ መስሎኝ ተነሥቼ
መስኮቱን አየሁት። ተዘግቷል።

ተቀምጬ ቀስ ብዬ አነበብኩ።
ፕሮክ የሚሉት ለካ ዲስክ ላይ ቤት የለው፤
ሲጠይቁት ብቻ የሚናገር አፍ ነው፣
ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንዳንቀላፋ ያወራል እንጂ
የሚያኖረው ዕቃ፣ የሚቆልፈው ሣጥን የለው።
ራን ላይ የተጻፈ ዕድሜው መብራት እስኪሄድ ነው፤
መብራት አካሄዱን
እዚህ ዳር ላይ ያለን እኛ ነን የምናውቀው።
ሉፕ ደግሞ አንድ ፋይል ነው፣ ዲስክ ነኝ ብሎ የቆመ፣
እንደዚያ በራፋችን እንዳለው ኮንቴይነር
በር ተቆርጦለት ሱቅ ተብሎ እንደተሰየመ።

አንዱ ግን አልገባኝ።
«መዝገብ» የምትባል ጠባብ ማህደር ላይ
ሙሉ ዲስክ ተጭኖ ፊቷን ሸፍኗታል፤
ከሥሩ ምን እንዳለ፣ ኖረም አልኖረም፣ ከላይ ማን ያውቃል?

አባ ቱፋ ዘበኛው ባትሪውን ይዞ ገባ።
«አልተኛሽም?»
«አንድ ቤት ላይ ሌላ ቤት ተጭኖ፣ አባ፣
የታችኛው ጠፋኝ።»
ባትሪውን አጠፋው። በሩን ተደግፎ፦

«ብሎክ አርባ አንድን ታውቂው የለ?
ከሥሩ ያለው የእኔ ምስር ነበር።
ከምስሩ ዳር ምንጭ ነበረች፣
ዛሬ በስሟ የሚጠራት የለ።
ክረምት ሲገባ ግን ምድር ቤቱ ውኃ ያቁራል፤
መሐንዲስ ይመጣል፣ ቧንቧውን ይፈትሻል፣
‹ቧንቧው ደህና ነው› ብሎ ፈርሞ ይሄዳል።
ደህና ነዋ!
ቧንቧ አይደለም እኮ። እሷ ናት።»

ወጣ።
«አራግፍ» ብዬ አዘዝኩ።
«አይቻልም፤ ሰው አለበት» አለኝ።
በዚህ ሌሊት ደግሞ ማነው? ፈለግኩ፣ መረመርኩ፤
ለካስ ማህደሩ ውስጥ ገብቼ የቆምኩት
ራሴ ነበርኩ።
አንድ እርምጃ ወጣሁ። ደግሜ አዘዝኩ።

ጭነቱ ወረደ፤
ባዶ ነው ያልኩት መሬት ባዶ አልነበረም።
መብራት ሄዶ የመጣ ዕለት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣
ዲስኩ ሳይጫን ከርሞ
አምሳለ ሳታውቀው ባዶው መሬት ላይ የጻፈችው ሁሉ፣
ከወር በኋላ ዲስኩ ሲመለስበት
ታፍኖ የቀረ፣
ጠፋ ተብሎ እሷ በደብዳቤ የተወቀሰችበት፦
የመቶ ስድስት ሕፃናት ስም፣
በፎቶ የተነሣ ካርድ፣ የእናት ስልክ፣ የኩፍኝ ክትባት ቀን።
ኢፍቱ ዋቅቶላ፣ ዘጠኝ ወር፣ ግራ ክንድ።
ኪሩቤል ጌጡ፣ ዘጠኝ ወር፣ ግራ ክንድ፣
በጣም አልቅሷል።
(ይህን ለምን ጻፈችው? እንጃ።)

ሁሉንም ገልብጬ በደህና ቦታ አኖርኩ።
ዲስኩን መልሼ ጫንኩት፤ ሥራ አይቆምም፣
ጠዋት ሰልፍ አለ።
ለአምሳለ መልእክት ጻፍኩና ሳልልከው ሰዓቱን አየሁት፤
ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት። ይንጋ።

ከበሩ ወጥቼ «አባ ቱፋ» አልኩት፣
«የምንጯ ስም ማን ነበር?»
ዝም አለ፣ ረጅም፤ የጠፋበት መስሎኝ ልመለስ ስል
ነገረኝ።
ካርቶኗ ክዳን ላይ፣ ከይለፍ ቃሉ ሥር
ጻፍኩት።