እሳት የማይበላው

አባቴ ሲሞት ያወረሰኝ ነገር
ቤት አይደለም፣ ገንዘብም አይደለም፤
በምድር ቤታችን ጥግ፣ ከድንቹ ክምር ዳር
የተቀመጠ አንድ የመስታወት ሳጥን ነበር።
ውስጡ እርጥብ ቅጠል፣ የዛፍ ቅርፊት፣
ከቅርፊቱ ሥር የተጋደመ ሌሊት፤
በሌሊቱ ላይ ቢጫ ቢጫ ጠብታ፣
ቀለም ቀቢ ብሩሹን ያራገፈበት ይመስል ማታ።

«ፍሪዶሊን ይባላል» ይል ነበር ለእንግዳ፣
«ሳላማንደር ነው፤
በትኩስ እጅ አትንኩት፣ ቆዳው እንዳይጎዳ።»
እናቴ ደረጃው ላይ ቆማ ትስቃለች፦
«እኔን መች እንዲህ ሳሳልኝ» ትላለች።

ድንጋይ ፈላጭ ነበር አባቴ፣
ለቤት ክዳን የሚሆን ጥቁር ሰሌዳ፤
ጉድጓዱ የተዘጋ ለት
የመጨረሻ ደመወዙን በመስኮት ተቀብሎ እንደ ባዳ
በዝናብ ሲመለስ በአይፈል ጫካ፣
ከጅረቱ ድልድይ አየው፣ መንገድ ሲያቋርጥ፤
ጎማ ሳይነካው በፊት በቆቡ አፈሰው፦
«ሁለታችንም ከድንጋይ ሥር ወጣን፤ ና፣ አብረን እንሰንብት፣
ሥራ እስካገኝ ድረስ፣ አንድ ሁለት ሳምንት።»

ሳምንቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ።

እኔ አልወደውም ነበር። ምኑ ይወደዳል?
ስሙን ቢጠሩት አይዞር፣ አይጮኽ፣ አይላስ፤
በቀብሩ ማግስት ግን ከፖስታ ቤት ሥራዬ ስመለስ
የትሉን ጣሳ ይዤ ወረድኩ። ሌላ ማን ሊያጎርስ?
በጉልበቴ ተንበርክኬ እንደ እሱ፣
ትሉን በመቆንጠጫ አንጠልጥዬ ጠበቅሁ፤
ዓይኑ ጥቁር ዶቃ፣ ጉሮሮው ትር ትር ይላል፣
ቆየ፣ ቆየ፣ እኔም እግሬ ደነዘዘ፤
ድንገት ላፍ አደረገው። ሳቅሁ።
ከቀብሩ ወዲህ ያን ለት ነው የሳቅሁ።

ከዚያ የቆዳውን ካርታ በቃሌ ያዝኩት፦
በግራ ትከሻው የፈረስ ኮቴ፣ በወገቡ ሦስት ደሴት፤
«የሁለት ሳላማንደር ጽሕፈት አይመሳሰልም»
ብሎኝ ነበር አባቴ አንድ ሌሊት።
በበረዶው ወራት ማሞቂያውን ዘግቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣
ብርድ የሚወድ ጌታ አለኝና
አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ካፖርቴን ደርቤ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ።

ኑዛዜው በወረቀት አልነበረም።
ሆስፒታል፣ በሁለት ትንፋሽ መሐል፣
«ሄድቪግ፣ ከወሰድኩበት መልሺው» ብሎኛል፤
«ሁለት ሳምንት ነበር ያልኩት።
ውሸታም አታድርጊኝ።»

በጥቅምት ዝናብ፣ በካርቶን ቅጠል ጎዝጉዤ
አውቶቡስ ተሳፈርኩ፣ ጭኔ ላይ ይዤ፤
ከጎኔ ያሉት አሮጊት «ኬክ ነው?» ቢሉኝ
«አዎን፣ የልደት» አልኩ።

ጅረቱ አለ። ድልድዩም አለ።
የጉድጓዱ አፍ በሽቦ ታጥሯል፤
አንድ ዛፍ ላይ ማስታወቂያ ተቸንክሯል፦
ጫማችሁን እጠቡ፣ በሽታ ገብቷል።
ከዚያም አየኋቸው።
አንዱ ከሥሮቹ መሐል፣ አንዱ ከውሃው ዳር፤
ቢጫቸው እንዳለ ነው፣
ቆዳቸው ግን በሲጋራ ጫፍ የተተኮሰ ይመስል
ቀዳዳ በቀዳዳ ነበር።

የድሮ ሰው ሳላማንደርን እሳት አይበላውም ይላል፤
ከምድጃው ግንድ ውስጥ በሕይወት ሲወጣ አይቶ ይምላል።
እነዚህን የበላቸው እሳት አይደለም፣ ሻጋታ ነው፤
ከሩቅ አገር በሽያጭ ሳጥን፣
ለማዳ ይሆናሉ ከተባሉ ዘመዶቻቸው ጋር የመጣ፣
አንድ ልጅ «ግዙልኝ» ስላለ፣ አንድ አባት እሺ ስላለ።
ክፋት የለበትም። እጃችን ትኩስ ነው፣ ይኸው ነው።

ካርቶኑን አልከፈትኩም። መሬትም አላስነካሁ።
ጫማዬን ከበርሜሉ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አጠብኩ፤
አባዬ፣ ውሸታም አደረግኩህ፣
ይቅር በለኝ አልኩ ለውሃው፤ ውሃው አልቆመም።

ማታ ምድር ቤት ወረድኩ።
ሳጥኑ ውስጥ መልሼ፣ ቅርፊቱን ከላዩ አስተካክዬ፣
«ጫካው እስኪድን ነው» አልኩት፣
«አንድ ሁለት ሳምንት።»
እሱ ትሉን ላፍ አደረገ።